አንድ ገደል ለመውጣት ስድስት ወር

ሥራ የጀመርኩት በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ በአውቶቡስ መቐለ የገባሁት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። የሬዲዮ ጣቢያው ቅርንጫፍ ሓወልቲ አካባቢ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዋና አዘጋጁ አቶ ሐጎስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስክሪፕት ያርማል።

«አዲሱ ጀማሪ ሪፖርተር አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጌታዬን ተወው። ትግርኛ ትሰማለህ?»

«አልሰማም።»

«ትሰማለህ። ሌላስ ምን ትችላለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«እሱን እናያለን» አለና ንብረት ክፍል ላከኝ። በሞዴል 22 ፈርሜ አንድ የካሴት መቅረጫ፣ አንድ ማይክሮፎን ከነስፖንጁ፣ የጆሮ ማዳመጫና ስምንት ባትሪ ድንጋይ ተረከብኩ። ስመለስ አቶ ሐጎስ የቤቱን ሕግ ነገረኝ። ዘገባ ሲያልቅ ዘጋቢው ያለበትን ቦታና ስሙን ይናገራል። እግሩ ያልረገጠበትን ቦታ ስም የጠራ ዘጋቢ በማግሥቱ ወንበሩን አያገኘውም።

የመጀመሪያ ካሴቴን ያዳመጠችው ቴክኒሺያናችን ለተብርሃን ናት። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ አየችኝ። «ታደሰ፣ ቃለ መጠይቅ ያደረግከው ለሰውየው ነው ለኮትህ? የሚሰማው እኮ የኮትህ ቁልፍ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮት ለብሼ ቀርጬ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ ጀማሪ የሚለው ከስሜ ላይ ከተነሳ በኋላ፣ አቶ ሐጎስ ወደ ገርዓልታ ላከኝ። ገደል ላይ ወደ ተፈለፈለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በየጠዋቱ እየወጡ በሩን የሚከፍቱ ቀሺ ገብረዝጊ የሚባሉ ካህን ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። የተሰጠኝ ሥራ አብሬያቸው ወጥቼ በዐለቱ ውስጥ ሲያዜሙ ድምፃቸውን መቅረጽ ነበር።

ኅዳር ውስጥ ሄድኩ። ሰማዩ የጠራ ነበር። ቀሺ ገብረዝጊ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን መንገዱን ያዝነው። ከድንጋያማው ዳገት በኋላ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ይመጣል፤ በቀኝ በኩል ዐለት፣ በግራ በኩል አየር ነው። እዚያ ግማሽ ላይ ስደርስ ወደ ታች አየሁ። ከዚያ በኋላ አልተራመድኩም።

ካህኑ ዘወር ብለው አዩኝ። «ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ምን ሆንክ?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው አባ።»

«ዐለቱን አቅፈህ ነው እንዴ የምታርፈው?»

ጉንጬ ዐለቱ ላይ ተለጥፏል። ተመልሰው እጄን ያዙና «አጆኻ፣ አጆኻ» እያሉ፣ አይዞህ ማለታቸው ነው፣ አወረዱኝ። ታች ስንደርስ አልሳቁብኝም። ጉልበታቸውን እያሹ፣ መውጣቱ እንደከበዳቸው፣ ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ቁልፉን ለሌላ ካህን እንደሚያስረክቡ ነገሩኝ። «ያኔ ና። ከዚያ ወዲያ ግን እኔን እዚያ ላይ አታገኘኝም» አሉ።

መቐለ ስመለስ አቶ ሐጎስ ስክሪፕቴን አንብቦ አስቀመጠው።

«የት ድረስ ወጣህ?»

«ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብዬ።»

«ለዚያማ እዚሁ ካፌ ቁጭ ብለህ ማኪያቶህን እየጠጣህ ትዘግበው ነበር። ሌላ ሰው ልላክ?»

«እስከ ግንቦት ጊዜ ይሰጠኝ።»

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዐይኑ አወረደ። ይህን የሚያደርገው ሲቆጣ ወይም ሲያስብ ነው። «እሺ። በግንቦትም ካልወጣህ ግን መስክ አትወጣም። ዴስክ ላይ ተቀምጠህ የሌሎችን ዜና ታርማለህ። ጡረታህ ድረስ።»

ቀልድ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ዘጋቢ በአውሮፕላን አልሄድም ብሎ ዴስክ ላይ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን።

ለተብርሃን ቃላሚኖ የሚኖር አንድ የስፖርት መምህር ታውቅ ነበር። መምህር ኪሮስ ይባላል፤ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ቤቱ ስሄድ ምንም አላሠራኝም። ጠየቀኝ ብቻ።

«ከወገብ በላይ ነው የደከመህ ወይስ ከወገብ በታች?»

«አልደከመኝም። ፈራሁ።»

«እሱን አውቃለሁ፤ ለተብርሃን ነግራኛለች። የጠየቅኩህ ስትፈራ መጀመሪያ ምንህ እንደከዳህ ነው።»

አላስታውስም አልኩት። «እንግዲያው ምን ልናስተካክል ነው? ጋዜጠኛ አይደለህም? ደብተር ያዝ» አለኝ።

ደብተር ያዝኩ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኲሓ የሚወስደውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መቅረጫውን የሚያክል ድንጋይ በቦርሳ እሸከማለሁ። ኪሮስ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱን ያከብረዋል። «ሲወጡ የሚደክመው ሳንባ ነው፤ አርፈው ይመልሱታል። ሲወርዱ የሚከዳው ጉልበት ነው፤ እሱ ደግሞ አስቀድሞ አይነግርህም» ይል ነበር። ስለዚህ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ፣ እስከ ሰባት እየቆጠርኩ በአንድ እግር እየቆምኩ እወርደዋለሁ። አንድ የጋሪ ነጂ በየጊዜው እያቆመ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ዕቃ ጠፋብህ?» ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ ኪሮስ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ የውኃ ታንከር ማማ ወሰደኝ። የብረት መሰላል አለው። ዘበኛውን አስፈቅዶልኝ ነበር። ሕጉ ይህ ነው፦ በየቀጠሮው ካለፈው አንድ ደረጃ ብቻ እጨምራለሁ፣ እዚያ ላይ እቆማለሁ፣ ከዚያ እወርዳለሁ። በአምስተኛው ደረጃ ላይ እጄ ላብ አወጣ። በስምንተኛው ላይ ጆሮዬ ጭው አለ።

«ምን እያየህ ነው?» አለኝ ከታች።

«ምንም!»

«ዘጋቢ አይደለህም እንዴ? ዘግብልኛ!»

የማውቀውን ብቻ አልኩ። «ቀኝ እጅ ይዟል። ግራ እጅ ይዟል። ቀኝ እግር ቆሟል። ግራ እግር ይነሳል።» ድምፄን ስሰማው የዜና ድምፄ ነበር። አንድ ደረጃ ወጣሁ። «ሦስቱ ይዘዋል፣ አንዱ ይንቀሳቀሳል» አለ ኪሮስ፤ «ከዚህ ሌላ ዜና እንዳታነብ።»

ዘበኛው አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝና ኪሮስን «ይሄ የሚተላለፈው በየትኛው ሞገድ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ማታ ማታ ፍርሃቴን እንደማንኛውም ክስተት በደብተሬ እመዘግበዋለሁ። ከሁለት ወር በኋላ መልክ ያዘልኝ። መጀመሪያ መዳፌ ይረጥባል፣ ቀጥሎ ጆሮዬ፣ በመጨረሻ ጉልበቴ። ከሁሉ የከፋው ጊዜ በሰዓት ስለካው ከዜና መግቢያ ሙዚቃችን አይረዝምም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሙዚቃው እስኪያልቅ መጠበቅ ለመድኩ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ልምምዱን ከምግብ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አዛወርነው። ኪሮስ በባዶ ሆዴ አላስወጣ አለኝ። «በጾም ገደል የሚወጡት ቀሺዎች ናቸው። አንተ ስትወድቅ የሚወቀሰው እኔ ነኝ» አለኝ።

የጫማውን ነገር ልንገራችሁ። በታኅሣሥ ቀዳም ገበያ ሄጄ ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡት ገዝቼ ነበር። ልምምዱን ሁሉ የሠራሁት በእሱ ነው። እግሬ ለምዶት እንደ ቆዳዬ ሆኖ ነበር። በየሳምንቱ ቅባት እቀባዋለሁ፣ ማሰሪያውን እለውጣለሁ። ከኪሮስም ጋር ሆነን ስለ ሶሉ ብዙ አውርተናል።

ግንቦት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀሺ ገብረዝጊ ለጉልበታቸው ሕክምና መቐለ መጡና ቢሮ ጎራ አሉ። ተነስቼ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ዐይናቸው ጠረጴዛዬ ሥር ካለው ቡት ላይ አረፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው አባ። የምወጣበት።»

«ወዴት?»

«ወደ እርስዎ።»

አዩኝና መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ ጉልበታቸውን ይይዛሉ። «ወደይ፣ ከዐለቱ ግድግዳ በታች አንዲት ዛፍ አለች። ጫማ እዚያ ይወልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

አዲስ ነገር አልነበረም። ጫማ አውልቄ ቤተ ክርስቲያን መግባት ከልጅነቴ የማውቀው ነው። ግን እኔ ባደግኩበት አገር ጫማ የሚወልቀው በሩ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ በሩ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው፤ ቅጥሩ የሚጀምረው ከገደሉ ሥር። በኅዳር ዛፏ ጋ ሳልደርስ ስለተመለስኩ አላየኋትም። አራት ወር ሙሉ ለማልወጣበት ጫማ ቅባት ስቀባ ኖርኩ።

አቶ ሐጎስ ከክፍሉ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «ታደሰ፣ ቡቱን ለዴስክ ሥራ አስቀምጠው፤ ክረምት ላይ ቢሮው ይበርዳል» አለ።

በዚያው ቀን በባዶ እግሬ መሄድ ጀመርኩ። ከሥራ ስወጣ ጫማዬን በፌስታል ይዤ የኲሓን ዳገት እወጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ከበደኝ። ጠጠሩ ይወጋል፣ አስፋልቱ ያቃጥላል። አነክሳለሁ።

የቤት አከራዬ አደይ ለምለም ሦስተኛው ቀን ላይ በር ላይ ጠበቁኝ። መጀመሪያ እግሬን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ወደይ፣ ስለት ተስለህ ነው?»

«አይደለም አደይ፤ ለሥራ ነው።»

«ሥራ? ሬዲዮ ውስጥ ጫማ ይከለከላል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ንስሐ ከሆነ አትደብቀኝ። ማንን በደልክ? ሴት ናት?»

ስለ ገደሉ ነገርኳቸው። የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። ሆኖም ለብ ያለ ውኃ በጨው አምጥተው እግሬን እንድነክር አደረጉኝ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስም በየምሽቱ አላቋረጡም። ጎረቤቶቹ ግን ሴት ናት የሚለውን መረጡ።

የመቅረጫው ጉዳይ ብቻ ቀረ። በማንገቻው ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል ወደ ዐለቱ ጎንበስ ስል ተንሸራትቶ ወደ ፊት ይመጣና ይጎትተኛል። እጄም ማይክሮፎን መያዝ የለመደ ነው፤ ገደል ላይ ደግሞ እጅ ሁሉ ያስፈልጋል። ይህን ለለተብርሃን ነገርኳት። በማግሥቱ ልጇን ያዘለችበትን የቆዳ አንቀልባ ይዛ መጣች፤ እነሱ ማሕዘል ይሉታል። መቅረጫውን በጀርባዬ አዝላ አጥብቃ አሰረችልኝ፣ የማይክሮፎኑን ጫፍ በአንገቴ በኩል አወጣችው። ተጎነበስኩ፣ ዘለልኩ። ንቅንቅ አላለም።

አቶ ሐጎስ በኮሪደሩ ሲያልፍ ቆም አለ። «ስሙን ማን አልከው?»

«ገና አልተጠመቀም» አለች ለተብርሃን።

የርክክቡ ቀን የሥራ ቀን ስለነበር ምእመን አልመጣም። ቁልፉን የሚረከቡት ካህን ቀደም ብለው ወጥተው ላይ ይጠብቃሉ። ቀሺ ገብረዝጊና እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ዳገቱን ያለ ችግር ወጣን፤ ሳንባዬ አላስቸገረኝም። ጠባቡ መተላለፊያ ላይ መዳፌ ረጠበ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ቆሜ ሙዚቃው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። አለቀ። አለፍኩ።

ዛፏ ሥር ጫማችንን አወለቅን። አዲስ ካሴት አስገብቼ መቅረጫውን ከፈትኩት፣ አንቀልባውን አጠበቅኩ። ከፊታችን ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ ለእጅና ለእግር የሚሆኑ ትንንሽ ጉድጓዶች ተፈልፍለውበታል፣ የብዙ ሰው እግር አለስልሷቸዋል። ካህኑ ቀደሙ። እኔ ተረከዛቸውን እያየሁ ተከተልኩ። ባዶ እግር ዐለቱን እንደሚይዘው ቡት አይዝም ነበር፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

ግማሽ ላይ ተረከዛቸው ቆመ።

«አባ?»

«ጉልበቴ ተያዘ።»

ግራ እግራቸው ከጉድጓዱ ወጥቶ ዐለቱን ይዳብሳል። ጉድጓዱን አያዩትም፤ ደረታቸው ዐለቱ ላይ ነው። ቀኝ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከላይ ያሉት ካህን አይሰሙንም። ከታች ማንም የለም። እሳቸው ቢለቁ የሚያርፉት እኔ ላይ ነው።

የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ዘገብኩ። «አባ፣ ቀኝ እጅዎ ይዟል። ግራ እጅዎ ይዟል። ቀኝ እግርዎ ቆሟል። ግራው ከጉድጓዱ በላይ በአንድ ስንዝር ነው።» ቀኝ እጄን አላቅቄ ተረከዛቸውን በመዳፌ ያዝኩ። ሦስቱ ይዘዋል፣ አንዱ ይንቀሳቀሳል። «ዝቅ ያድርጉት። ትንሽ ወደ ግራ። እዚህ ጋ ነው። ይርገጡ።»

ረገጡ። እስኪረጋ ተረከዛቸውን አልለቀቅኩም። ትንፋሻቸው ሲመለስ ሰማሁ።

«ድምፅህ ዜና የሚያነብ ይመስላል» አሉ ሳይዞሩ።

«ዜና ነው አባ።»

የቀረውን እንዲሁ ወጣነው፤ እኔ ጉድጓዱን እየነገርኩ፣ እሳቸው እየረገጡ። ላይ መድረሳችንን ያወቅኩት የሚጎትተኝ እጅ ሲመጣ ነው። ተረካቢው ካህን ነበሩ። ስለ ራሴ ፍርሃት ከግማሹ ወዲህ አላሰብኩም ነበር። ጊዜ አላገኘሁም።

በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ቀሺ ገብረዝጊ ራሳቸው ከፈቱ። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው። ካሴቱን ገለበጥኩ። ዐለቱ ውስጥ ቆመው ሲያዜሙ ድምፃቸው ከግድግዳው እየተመለሰ ሁለት ሰው የሚያዜም ይመስል ነበር። የድምፅ መጠን ማሳያውን መርፌ ብቻ እያየሁ ቆምኩ። ሲጨርሱ ቁልፉን በሁለት እጃቸው አስረከቡ። ንግግር አልነበረም።

የወረድነው ተረካቢው ከፊት፣ ቀሺ ገብረዝጊ በመሐል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ነው። ኪሮስ ልክ ነበር፤ መውረዱ ሌላ ሥራ ነው። ቀስ አልን። የዛፏን ጥላ ስረግጥ ቁጭ አልኩ።

ቀሺ ገብረዝጊ አጠገቤ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ማይክሮፎኑን ከአንገቴ አውጥቼ፣ እኛ ጋዜጠኞች ሁላችንም የምንጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«አባ፣ ቁልፉን ሲያስረክቡ ምን ተሰማዎት?»

የጠበቅኩት ኀዘን ነበር።

«እፎይ አልኩ።»

«ደክሞዎት ነበር?»

«ድካምስ ይለመዳል። ፈርቼ ነው።»

«ዛሬ፣ ጉልበትዎ ሲያዝ?»

«ዛሬ ብቻ አይደለም። በየጠዋቱ። ዲያቆን ሆኜ መውጣት ከጀመርኩ ጊዜ ጀምሮ፣ በዚህች ዛፍ ሥር ጫማዬን ባወለቅኩ ቁጥር እፈራለሁ።»

«ለማን ተናግረው ያውቃሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ከዚያ ያ ሳቃቸው መጣ፤ ግን በዚህ ጊዜ ጉልበታቸውን አልያዙም። «እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ጠዋት እዚህ ሆኜ እሱ ሲወጣ አያለሁ።» ተረካቢው ካህን ፈገግ ብለው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ይህ አየር ላይ ቢውል ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እውነት ስለሆነ ይዋል አሉ።

በማግሥቱ አቶ ሐጎስና ለተብርሃን ካሴቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ግድግዳው ላይ የተናገርኩትም ተቀርጿል። «ይዟል፣ ቆሟል» የሚለው ሲመጣ ለተብርሃን አፏን በእጇ ሸፈነች። አቶ ሐጎስ ግን የመጨረሻውን ክፍል ሁለት ጊዜ አስደገመው።

«ፈርቼ ነው ያሉትን ጠይቀሃቸዋል? ይሁን ብለዋል?»

«ብለዋል።»

«እንዳለ ይሂድ» አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰው። «አንቀልባውን መልስላት። ሐሙስ መስክ አለህ።»

ያን ቀን ከቢሮ ስወጣ ቀለል ብሎኝ እስከ ቤቴ ድረስ ሳላውቀው በእግሬ ሄድኩ፤ ጫማ አድርጌ።

ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ አምባና ተራራ ወጥቻለሁ። ደብተሬ እንደሚለው ፍርሃቱ በአንዱም ላይ አልቀረም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልተለወጠም፣ ርዝመቱም አልጨመረም። አዳዲስ ባልደረቦቼ እንዴት እንዘጋጅ ሲሉኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ለሰውነት ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት፣ መውረዱንም ተለማመዱ። ስትፈሩ የሚሆነውን ጻፉት። ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ግን በየቀኑ ወደዚያ የሚወጣውን ሰው ፈልጋችሁ ትፈራለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ቀሺ ገብረዝጊን በኅዳር ብጠይቅ ኖሮ እንደሚፈሩ ይነግሩኝ ነበር።